ለሰባተኛ ክፍል አንድ መርፌ፦ የኦክላንድ የትክትክ ክትባት ሥራ ማስታወሻ

ማርች 2025

ሥራው ተጀምሯል። ጥቂት ሰዎች ነን። ነርሶች አሉ፣ አንድ ፋርማሲስት አለ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ አለች፣ እኔ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለችው ኦክላንድና በዙሪያዋ ያሉ የሐበሻ ልጆች ኦገስት ላይ ትምህርት ሲከፈት በክትባት ወረቀት ምክንያት ከበር እንዳይመለሱ ብለን ነው የተነሳነው። እየሠራን ያየነውን እዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ የሚጠቅማችሁ ካለ ውሰዱት።

ሕጉን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ሁሉ ቲዳፕ የሚባለውን ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ቲዳፕ የቲታነስ፣ የዲፍቴሪያና የትክትክ ማጠናከሪያ ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ የተከተበው ከዓመት ዓመት ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ በ11 ወይም በ12 ዓመቱ ይታደሳል። ሕጉ የሚሠራው ከጁላይ 2011 ጀምሮ ነው። ያመጣው ደግሞ የ2010ሩ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያ ብቻ ከ9 ሺህ በላይ ሰው በትክትክ ተያዘ፣ 10 ሕፃናት ሞቱ። ከሞቱት አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ክትባት ለመውሰድ እንኳ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ጨቅላዎች ነበሩ።

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። የሞቱት ጨቅላዎች ናቸው፣ ሕጉ ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ ነው የሚያስከትበው። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት ይመጣል፤ ለሳምንታት ያስለዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል፣ በኋላ ግን ይድናል። ቤት ያለው አራስ ግን ጉልበት የለውም። አንዳንዱ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው አይስልም እንኳ፤ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ወረቀት ለእኔ የቤቱን ሁሉ ጤና የሚያስጠይቅ ዕድል ነው። ልጁን ይዞ የመጣውን ወላጅ «ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች? አራስ አለ? ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ?» ብለን ሳንጠይቅ አንሸኘውም። ሥራችን ይኼው ነው።

«ያ እኮ የድሮ ነው» ለሚል ሰው ደግሞ፦ 2014 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደገና ተነስቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ይዟል። አምና በ2024 በመላው አሜሪካ ከ35 ሺህ በላይ ሰው መያዙ ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቁጥሩ 7 ሺህ አካባቢ ነበር።

ኤፕሪል

ትምህርት ቤቶቹን ማነጋገር ጀመርን። ቶሎ የገባን ነገር፣ ቁልፉ ያለው ርዕሰ መምህሩ ጋ ሳይሆን መግቢያው ላይ የምትቀመጠው ጸሐፊ ጋ ነው። ማን ወረቀት እንዳመጣ፣ ማን እንዳላመጣ የምታውቀው እሷ ናት። ኦገስት ላይ ልጁን «ሂድና ይዘህ ተመለስ» የምትለውም እሷ ናት። አንዷ ጸሐፊ ቦርሳውን ያዘለ ልጅ ጓደኞቹ ፊት መመለስ ከሥራዋ ሁሉ የሚከብዳት እሱ እንደሆነ ነግራናለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ነው ዋና አጋራችን ያደረግናት።

የልጆች ስም ዝርዝር ስጡን አላልንም። የተማሪ መረጃ ለውጭ ሰው አይሰጥም፣ መሰጠትም የለበትም። የተስማማነው የእኛን ወረቀት እነሱ ለወላጆቹ እንዲልኩልን ነው። ትምህርት ቤቱ ለስድስተኛ ክፍል ወላጆች በስልክ የሚልከው መልእክት አለ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ ወላጁም ሥራ ላይ ሆኖ ከፍቶ ይዘጋዋል። እኛ አንድ ገጽ ጻፍን፤ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ። ገጹ ላይ ያለው ነገር ትንሽ ነው። ልጅዎ በኦገስት ሰባተኛ ክፍል ይገባል፣ ቲዳፕ የሚባል አንድ መርፌ ያስፈልገዋል፣ ወረቀቱን እስከ ጁን ለትምህርት ቤቱ ይስጡ፣ ጥያቄ ካለ በዚህ ስልክ በአማርኛ የሚመልስ ሰው አለ። ሌላ ምንም የለበትም። ስለ በሽታው ረጅም ማብራሪያ የጨመርንበትን ለአንዳንድ እናቶች አሳይተን ነበር፣ እስከ መጨረሻው ያነበበ አልነበረም፣ ስልኩን ግን ሁሉም ፎቶ አነሱት።

ብዙ ወላጅ «ገና ነው፣ ጊዜ አለ» ይላል። ጊዜ የለም! ጁላይ መጨረሻ ላይ ክሊኒኩ ሁሉ ይሞላል። በዚያ ላይ ጁላይ 4 አካባቢ ብዙ ቤተሰብ ለኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሌላው አገር ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ሻንጣ ሲፈታ ትምህርት ተከፍቷል። ልጁ 11 ዓመት ከሞላው ዛሬ መከተብ ይችላል። እንዲያውም ሕጉ የሚቀበለው ከሰባተኛ ዓመት ልደቱ ወዲህ የተወሰደ ቲዳፕን ነው፤ ስለዚህ ባለፉት ዓመታት አንድ ቦታ ወስዶት ከሆነ መፈለግ ያለበት ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ሌላ መርፌ አያስፈልገውም።

ሜይ

ክሊኒኮቹን ያዝን። እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

አንዲት እናት ደወለችልን። ሌሊት የአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ነው የምትሠራው። ልጇን ለማስከተብ ክሊኒክ ደውላ የመጀመሪያው ክፍት ቀጠሮ ኦክቶበር ነው ተባለች። «እሺ» ብላ ዘጋች። እሷ ምን ታድርግ? ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ የሰጠቻት የሙሉ ምርመራ ቀጠሮ ነው፣ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ልጁን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚያይበት። ለአንድ መርፌ ያ አያስፈልግም። አብዛኛው ክሊኒክ ነርስ ብቻ የምትሰጠው አጭር የክትባት ቀጠሮ አለው፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ሳምንት ይገኛል። ግን ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። አብረን መልሰን ደወልን፣ «ከነርስ ጋር የክትባት ቀጠሮ ብቻ» አልን፣ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ተገኘ። አሁን ይህን አባባል በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ድምፃችንን ቀድተን በቴሌግራም እንልካለን። ወላጆች መኪና ውስጥ ሰምተውት ይደውላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘብ ነው። ሜዲ-ካል የሚባለው የካሊፎርኒያ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያለው ልጅ ምንም አይከፍልም። ኢንሹራንስ የሌለው ልጅም ዕድሜው ከ19 በታች ከሆነ ለልጆች ክትባት ተብሎ በተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ክሊኒኮች ክትባቱን በነፃ ይሰጡታል። ለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ዘንድሮ ይህን ጥያቄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁን ሰዎች በጣም በዝተዋል። መልሱን እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምንናገረው።

ፋርማሲ ቀላል ይመስላል፣ ለአዋቂ በእርግጥም ቀላል ነው። ለልጅ ግን አንዳንዱ ፋርማሲ የልጆችን ሜዲ-ካል አይቀበልም። ሄዶ ተሰልፎ ከመመለስ በፊት መደወል ይሻላል።

ሐኪሞቹንና ነርሶቹን የለመንናቸው አንድ ነገር ነው። ልጁ እግሩ ተጠማዞም ይምጣ፣ ለኳስ ቡድን ፎርም ለማስሞላትም ይምጣ፣ የክትባት መዝገቡን ክፈቱ። ጎድሎ ካያችሁ እዚያው ስጡት። ሌላ ቀን ና ማለት ለታክሲና ለኡበር ሾፌር አባት የአንድ ቀን ገቢ ነው። ከመርፌው በኋላ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፣ «ቤት ውስጥ የሚወለድ ሕፃን አለ ወይ?» በሉ። አንዷ የቤተሰብ ሐኪም ጥያቄውን በኮምፒውተሯ ላይ በቢጫ ወረቀት ለጥፋዋለች። ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ደስ አለኝ።

ጁን

ዛሬ ስለ ካርዱ ነው የምጽፈው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ልጅ ያላችሁ በደንብ አንብቡት።

አንድ አባት የልጁን የክትባት ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ካርዱ ንጹሕ ነው፣ ማኅተም አለው፣ የነርሷ ፊርማ አለው። ልጁ የተወለደው መጋቢት 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ፔንታ አንድ ግንቦት 12፣ ፔንታ ሁለት ሰኔ 10፣ ፔንታ ሦስት ሐምሌ 8፣ ሁሉም 2005። ፔንታ ማለት ትክትክን፣ ዲፍቴሪያንና ቲታነስን ከሄፓታይተስ ቢና ሂብ ከሚባለው ባክቴሪያ መከላከያ ጋር አንድ ላይ የያዘው ክትባት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲያየው ምን ይላል? የልጁ ፓስፖርት የተወለደው በኤፕሪል 2013 ነው ይላል። ካርዱ ደግሞ በ2005 ተከትቧል ይላል። ኮምፒውተሩ ሳይወለድ የተከተበ ልጅ አይቀበልም። አባትየውን «ይህ ካርድ ስህተት ነው፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንደገና ይከተብ» አሉት። ሰውየው ካርዱን ይዞ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። በመንገድ ስንት ነገር ጥሎ ያንን ካርድ ግን ሳይጥል ያመጣ ሰው ነው።

ካርዱ ልክ ነው። አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሠራን። በግራ ካርዱ ላይ እንዳለው፣ በቀኝ በፈረንጅ አቆጣጠር፦ ግንቦት 12 ቀን 2005 ማለት ሜይ 20 ቀን 2013፣ ሰኔ 10 ማለት ጁን 17፣ ሐምሌ 8 ማለት ጁላይ 15። ልደቱ ኤፕሪል 6 ቀን 2013። እንዲህ ሲቀመጥ ሁሉም ይገጥማል፤ የመጀመሪያው በስድስት ሳምንቱ ገደማ፣ ቀሪዎቹ በየአራት ሳምንቱ። ነርሷ አየችው፣ ከካርዱ ጋር አመሳከረችው፣ ወደ ካሊፎርኒያ የክትባት መዝገብ አስገባችው። ከውጭ አገር የመጣ በጽሑፍ ያለ የክትባት ማስረጃ፣ ቀኖቹና ልዩነታቸው ትክክል ከሆነ፣ ተቀባይነት አለው። ከዜሮ አይጀመርም። ሦስት ፔንታ ያለው ልጅ አሁን በ12 ዓመቱ ቲዳፕ ሲወስድ በዚህ በኩል ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን አሟላ ማለት ነው። ፖሊዮ፣ ኩፍኝና ሌላው ለብቻው ይታያል።

ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ያለው ላይ ሰባት ዓመት ነው የሚጨመረው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት። ዝም ብሎ በሁሉም ላይ ስምንት የጨመረ ሰው ልጁን በአንድ ዓመት ያሳስተዋል። ለእርግጠኝነት ቀኑን በሚቀይር አፕ አረጋግጡ፣ ሁለት ሰው ይየው።

ሌላ ደግሞ። ካርዱ ላይ ቲዲ ብቻ ካለ ለሰባተኛ ክፍል አይሆንም። ቲዲ ውስጥ ትክትክ የለም፣ ቲታነስና ዲፍቴሪያ ብቻ ነው። ቲዳፕ የሚለውን ፈልጉ።

እዚሁ ተወልደው ወረቀታቸው የጠፋባቸውም አሉ። የካሊፎርኒያ ዲጂታል የክትባት መዝገብ በስም፣ በልደት ቀንና በስልክ ወይም በኢሜይል ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ አልተገኘም ይላል፣ ምክንያቱ ደግሞ ስማችን ነው። ጽዮን የሚለውን ስም አንዱ ክሊኒክ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በዜድ፣ ሌላው በኤስ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ አንዳንዴ የአያት ስም ይገባል። ስልኩም ልጁ ሕፃን ሳለ የነበረው የድሮ ስልክ ነው። በመዝገቡ ካልተገኘ ቀጥታ የከተበው ክሊኒክ ጋ ደውሎ ማስፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ አለ።

ጁላይ

የዚህ ወር ሥራ መነጋገር ነው። በአብዛኛው ሰው እምቢ አይልም። የሚጎድለው ሰዓትና ወረቀት ነው። ግን እምቢ የሚልም አለ፣ እሱንም ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ነው።

አንድ አባት የቴሌግራፍ መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡና እየጠጣን «በኮቪድ ጊዜ የሆነው ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ግን መርፌ የሚባል ነገር በቃኝ» አለኝ። አልተከራከርኩትም። ምን እንደሰማ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ አብዛኛው ከዩቲዩብ ነው። ጨርሶ ሲናገር እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ይህ ማጠናከሪያ ክትባት አሜሪካ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ ነው፣ ክንድ ያሳምማል፣ አንዳንዱን ያተኩሰዋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው አልፎ አልፎ አለ፣ ለዚህ ነው ከተከተቡ በኋላ ጥቂት የሚቆየው። ከዚያ ሚስቱ እርጉዝ እንደሆነች ነገረኝ። ወሬው በሙሉ ወደዚያ ዞረ። ስለ ሴት ልጁ ገና እያሰበ ነበር፣ ስለሚወለደው ልጅ ግን ቀጠሮ ያዘ። በኋላ ሴት ልጁንም ይዟት ሄደ።

ትልልቆቹ ሴቶች ጋ ማስረዳት አያስፈልግም። ትክትክን ያውቁታል። አንዲት እማማ ስለ ትክትክ ስንናገር ሰምተው «እኛን የአህያ ወተት ነበር የሚያጠጡን» አሉ። ሲስል ሲስል ትንፋሽ አጥሮት በመጨረሻ የሚያስታውከውን ልጅ ድምፅ አስመስለው አሰሙን። አዳራሹ ውስጥ ያሉ ወጣት እናቶች ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸው ከእኔ ወረቀት ይበልጣሉ። አሁን በየስብሰባው እንዲመጡልን እንለምናቸዋለን፣ እየመጡም ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ልጇ ቲዳፕ ከወሰደች ዓመታት አልፈዋል፣ አሁን ሃይስኩል ናት፣ ባለፈው ክረምት ትክትክ ያዛት። «ታዲያ ምን ጠቀማት?» አለችኝ። ደብቄ አላልፍም። ቲዳፕ ከተወሰደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ከ10 ሰው 7 ያህሉን ይከላከላል፣ በአራተኛው ዓመት ግን ሙሉ በሙሉ የሚከላከለው ከ10 ሰው 3 ወይም 4 ነው። ይደክማል። ግን የተከተበ ሰው ሲያዝ ብዙውን ጊዜ ቀለል ይልለታል። ልጅቷ በጊዜ መድኃኒት ጀምራለች፣ አንቲባዮቲኩን አምስት ቀን እስክትወስድ ከትምህርት ቤት ቀርታለች፣ ቤት ውስጥ ያለውም ሰው በሐኪም ምክር መከላከያ ወስዷል። ለዚህ ነው ክትባቱን ብቻ ሳይሆን ሳሉንም የምናስተምረው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ሌሊት የሚብስ፣ ተከታትሎ መጥቶ የሚያስታውክ ሳል ካለ የትክትክ ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። «ጉንፋን ነው፣ ይለቃል» ተብላችሁ ብትመለሱም ካልተዋችሁ እንደገና ሂዱ። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው።

ኦገስት መጀመሪያ

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ክትባት ሰጠን። እኛ አልከተብንም፣ የከተበው ፈቃድ ያለው የክሊኒክ ቡድን ነው። ክትባቱ ቴርሞሜትር ባለው ሣጥን ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ መጣ። የእኛ ድርሻ አዳራሹ፣ ወረቀቱ፣ አማርኛውና ሰዉ ነበር።

ቀኑን ስንወስን ያሳሰበን ፍልሰታ ነው። ጾሙ ኦገስት 7 ይገባል፣ ትምህርትም የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። ፍልሰታን ደግሞ ልጆችም ይጾማሉ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ምግብ አይቀምሱም። የ12 ዓመት ልጅ ባዶ ሆዱን መርፌ ሲወጋ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ከክትባት በኋላ ራሱን መሳቱ የታወቀ ነገር ነው፣ ለዚህ ነው ተቀምጦ 15 ደቂቃ እንዲቆይ የሚደረገው። ቀሲስን አማከርናቸው። እሳቸውም ክትባቱ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ከበሉ በኋላ ይሁን አሉ፣ ራሳቸው ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ተናገሩልን። የአጥቢያው እናቶች ሽሮና እንጀራ አዘጋጁ። ልጅ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ወረቀት ይሞላል፣ ከዚያ ይወጋል፣ ከዚያ ግድግዳው ሥር በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ይቀመጣል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ወንበሮቹ ጋ ቆማ ሰዓት ትይዛለች። አንድ ረዘም ያለ ልጅ ቶሎ ሊነሳ ሲል አስቀመጠችው፣ ወዲያው ፊቱ ነጣ፣ አስተኝተን እግሩን ከፍ አደረግንለት፣ ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሲሚንቶው ላይ ነበር የሚወድቀው።

የፈቃድ ወረቀት ነገር! ልጁን ያመጣችው አክስት ናት፣ አያት ናት፣ ጎረቤት ናት። ወላጁ ሥራ ላይ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ይፈልጋል። ይህን ቀድመን ስለምናውቅ ፎርሙን ከሳምንታት በፊት በእንጀራ መሸጫዎቹና በመስጊዱ በኩል በትነን ነበር። ሙስሊም ቤተሰቦችም ከጁምዓ በኋላ የተፈረመውን ይዘው መጡ፣ ልጆቻቸውም በዚያው አዳራሽ ተከተቡ። ከመጡት ውስጥ ፊርማ ጎድሎበት የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል።

ኦገስት አጋማሽ

ትምህርት ተከፈተ። ጸሐፊዎቹ ጋ ደወልን። የሐበሻ ልጅ ጨርሶ አልተመለሰም አልልም። በዚያው ሳምንት ከአገር ቤት የገቡ ነበሩ፣ ከሌላ ስቴት ተዛውረው የመጡ ነበሩ። ለእነዚህ ቀድመን ያነጋገርነው ክሊኒክ ቦታ ይዞልን ስለነበር በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ክፍል ገቡ። ከሌላ ስቴት የመጡትን በተመለከተ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጁ ተከትቧል፣ መዝገቡ ግን የዚያ ስቴት ስለሆነ እዚህ አይታይም። የድሮውን ትምህርት ቤት የክትባት ወረቀት አስልኩ። ከክሊኒክ ይልቅ ከትምህርት ቤት ቶሎ ይመጣል።

አንድ ያስደሰተኝ ነገር አለ። የአንዱ ሚድል ስኩል ጸሐፊ ያቺን ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት ወዳዋለች። «ለሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ላኩልኝ» አለች። ባዶውን ቅጽ ሠርተን ላክንላት። ማመሳከሩንና መፈረሙን ነርስ ወይም ሐኪም ነው የሚያደርገው፣ ያንን ቅጹ ላይ በጉልህ ጽፈነዋል።

ሴፕቴምበር

አዲስ ዓመት ላይ ድንኳን ተከልን። ልጆቹ ትምህርት ገብተዋል፣ ስለዚህ አሁን ሙሉ ትኩረታችን አራሶቹ ላይ ነው። ከመጀመሪያውም ወደዚህ ለመድረስ ነበር የፈለግሁት።

የእኛን ወግ አስቡት። ሴት ስትወልድ ቤቱ ይሞላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያላለ ጎረቤት አይቀርም። ገንፎ ይገነፋል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሳይስሙት መውጣት ነውር ይመስላል። ወንድ ልጅ ከሆነ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ሴት ከሆነች በ80። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የትክትክ ክትባት የሚሰጠው ደግሞ በሁለት ወር ነው። ወንዱ ልጅ አንድም የትክትክ ክትባት ሳይወስድ ሕዝብ መሃል ይገባል ማለት ነው። ክርስትናው አይቅር፣ ጥየቃውም አይቅር፣ እኔም አንዱም እንዲቀር አልፈልግም። ልጁ ተጠብቆ እንዲገባ ነው የምፈልገው። እንዴት? እናቱ በእርግዝናዋ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቲዳፕ ትወስዳለች። ሰውነቷ የሚሠራው መከላከያ ወደ ልጁ ያልፋል። እንዲህ የተደረገላቸው ሁለት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት በትክትክ የመያዝ ዕድላቸው በ78 በመቶ ይቀንሳል። «ለመጀመሪያው ልጄ ወስጃለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ እርግዝና እንደገና ይወሰዳል፣ የፊተኛው ለፊተኛው ልጅ ነበር።

አዋላጅ ክሊኒኩ ክትባቱ ከሌለው ወደ ፋርማሲ ይልካል። እዚያ መሃል ነው ብዙ ሴት የምትቀረው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮቹን እንደዋወልላቸዋለን፣ አንዳንዴ አብረን እንሄዳለን።

ከአገር ቤት የሚመጡት አያቶች ሌላው ጉዳያችን ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ ይመጣሉ፣ ኢንሹራንስ የላቸውም፣ ፋርማሲ ላይ ከኪስ ሲከፈል ውድ ነው። ለእነሱ የካውንቲው ጤና ቢሮና የማኅበረሰብ ክሊኒኮች ጋ በዝቅተኛ ዋጋ ወይም በነፃ የሚሰጥበትን ቀን እየጠየቅን እንይዛለን። ሕፃኑን ከመንካታቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው መወሰድ ያለበት፣ ስለዚህ ቲኬት ስትቆርጡላቸው ይህንንም አስቡበት። አባትየውና ትልልቆቹ ልጆችም ጎድሎባቸው ከሆነ አብረው ይውሰዱ። የሚያስለው እንግዳ ደግሞ ገንፎውን ይብላ፣ ሕፃኑ ጋ ግን አይቅረብ። ይህን ለአራሷ ብቻ አትተዉባት፣ እሷ አማቷን ወይም የባሏን አጎት «አትሳሙት» ማለት ይከብዳታል። በር ላይ የሚናገር ሌላ ሰው ይመደብ። ድንኳኑ ላይ ይህን ስንናገር አንድ ጎልማሳ «በእኛ ቤት እኔ እናገራለሁ» አለ። ሚስቱ ኖቬምበር ላይ ትወልዳለች።

ለሚቀጥለው ዙር የተነጋገርነው ይኸውላችሁ። የስድስተኛ ክፍል ወላጆችን ከጃንዋሪ ጀምረን እንጀምራለን፣ ኤፕሪልን አንጠብቅም። አንድ ቅዳሜ በየወሩ የካርድ ማንበቢያ ቀን ይሆናል፣ ካርድ ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ። ትግርኛና አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ነርሶች እንፈልጋለን፣ አማርኛው በርከት ብሏል። የሰርግና የክርስትና ድግስ የሚያዘጋጁትን እናቶችም ማነጋገር ጀምረናል፣ ማን እንዳረገዘች ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መርዳት የምትፈልጉ በግሩፑ ላይ ጻፉልን። ቀጣዩ ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ነው።